ውሃ ልክ እና ስሙ የጠፋው ካርድ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ውሃ ልክ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት አንድ አናጺ ነው። ባሌ ማንም ሳይጠራው የአናጺው ሱቅ ገብቶ «ይሄ በርህ በቀኝ በኩል ወርዷል» ቢለው፣ ሰውዬው በንዴት ውሃ ልኩን አምጥቶ ለካ፤ እውነትም ወርዷል። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ ጠፋ። እኔም ሲያናድደኝ በዚሁ ነው የምጠራው። ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘን እንኳ ተነስቶ የተንጋደደ ማስታወቂያ ሲያቃና፣ ስንት ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብያለሁ!

ሥራው ታፔላ ነው። በልጅነቱ በብሩሽና በቆርቆሮ ጀመረ፤ አሁን ፊደሉ የሚዘጋጀው በኮምፒውተር፣ የሚቆረጠው በማሽን ነው። ማሽኑ ስቲከሩን በምላጩ ይቆርጠዋል፣ እኔ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብዬ በፊደሎቹ ዙሪያና ሆድ ውስጥ ያለውን ትርፍ በወረንጦ እየላጥኩ አወጣለሁ። ሱቃችን የቤታችን የፊት ክፍል ናት። ቀን ሙሉ ጀርባና ጀርባ ሆነን እንሠራለን፣ ቀን ሙሉ እንጨቃጨቃለን። ክፉ ጭቅጭቅ አይደለም፤ ሳንጨቃጨቅ የዋልን ቀን አንዳችን ታመናል ማለት ነው።

ታዲያ ሰውዬው አንድ አመል አለው። ሶፍትዌሩ ፊደሎቹን ራሱ አሰልፎ የሚደረድርበት ነገር አለው፤ አንዴ መጫን ብቻ ነው። እሱ ግን አይነካትም።

«ማሽን የኛን ፊደል አያውቅም» ይላል። «አንዱ እግሩን አርዝሟል፣ አንዱ ሆዱ ክብ ነው፣ አንዱ አንገቱን ሰብሯል። በማሽን ሲሰለፉ ልክ ይመስላሉ እንጂ ከመንገድ ማዶ ሲነበቡ ይንገዳገዳሉ።»

ስለዚህ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በቀኙ ብቻ እያነጣጠረ፣ እያንዳንዷን ፊደል በፀጉር ስፋት ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ብሩሽ ከያዘበት ዘመን ጀምሮ እንዲሁ ነው። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ሲያነጣጥር ያየ ሰው ወፍ ሊመታ ነው እንዴ ይላል። እውነቱን ለመናገር ሲጨርስ ያምራል፤ ለሱ ፊት ለፊት ባልነግረውም።

የሚፈራው ነገር አንድ ብቻ ነው። እናቱ በስተርጅና ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። እጃቸውን ይዞ የሚወስዳቸው የሚያመጣቸው እሱ ነው። መንገድ ላይ «አሁን የት ደረስን?» ሲሉት ታፔላ ያነብላቸዋል። ከታፔላዎቹ ግማሾቹን የሠራው ራሱ ነው፤ እሳቸው ግን አንዱንም አላዩለትም። መጨረሻ መጨረሻ ላይ ፊቱን በጣታቸው እየዳበሱ «ከሳህ እንዴ?» ይሉት ነበር። ካረፉ በኋላ አንድ ቀን ምንም ሳልጠይቀው «እኔ ሞት አያስፈራኝም፤ እንደ እናቴ መሆን ግን ያስፈራኛል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስቶት አያውቅም፣ እኔም አላነሳሁበትም።

አሁን የማወራው የጀመረው ኮምፒውተራችን ቫይረስ ሲይዘው ነው። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ የመቁረጫ ማሽኑ ገመድ አዳዲሶቹ ላይ ስለማይገጥም ልንጥለው አንችልም። ስለዚህ የሰፈሩን ጠጋኝ ጠራነው። ይሄ ጠጋኝ ቀስበቀስ ይባላል። ምንም ብትሉት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ነው መልሱ። ወፍራም፣ ሰው አክባሪ፣ ካቻቢቴውን እንደ እስኪርቢቶ በሸሚዝ ኪሱ ሰክቶ የሚዞር ሰው ነው። ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረገው፤ ያለበትን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነ። ቫይረሱስ ሄደ፣ ስክሪኑ ግን ተበላሸ። ሁሉ ነገር ወደ ጎን ተለጠጠ፤ ክቡ ሞላላ ሆነ፣ ፊደሎቹ ድንገት የወፈሩ መሰሉ።

«ግራፊክስ ካርዱ ነው፣ እትዬ» አለኝ ቀስበቀስ። «ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከው ዕቃ ማለት ነው። ድራይቨር፣ እንግዲህ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ካልጫንኩለት ምስሉን አያስተካክልም። ድራይቨሩን ለመጫን ደግሞ ካርዱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።»

«እና የትኛው ነው?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

ካርዱን የገጠመልን ሌላ ጠጋኝ ነበር፣ ከተማውን ለቆ ሄዷል። ቀስበቀስ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ስም የሚደረደርበትን ቦታ ከፍቶ አሳየኝ። ሁሉም ስም ስም አላቸው፤ በካርዱ ቦታ ግን ቢጫ ምልክት ተደቅኖ «ያልታወቀ» ይላል። «አጣርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። የሱ እመለሳለሁ ደግሞ መቼም ይታወቃል።

ባሌ በተለጠጠው ስክሪን መሥራቱን ቀጠለ። አንድ ከሰዓት ግራ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ወደኔ ሳይዞር፣ «ይሄ ካርድ መስመርም ያጎብጣል እንዴ?» አለኝ።

ተነስቼ በትከሻው ላይ አየሁ። ፊደሎቹ እንደ ወፈሩ ናቸው፤ ከስራቸው ያለው መስመር ግን ቀጥ ያለ ነው።

«የቱ ነው የጎበጠው?»

«ይኸው፣ መሃሉ ሰርጎድ ብሏል።»

«እኔ አልታየኝም።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ታይቶሽ ያውቃል!»

ስቄ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ወረንጦዬን ከማንሳቴ በፊት ግን ዞሬ መስመሩን ደግሜ አየሁት። ለምን እንደሆነ ለራሴም ቶሎ አልነገርኩትም።

በዚያ ሰሞን ለአንዲት ፋርማሲ የሠራው ታፔላ ተሰቀለ። እሱ መሰላሉን ሲያጥፍ እኔ መንገዱን ተሻግሬ ቀና ብዬ ባየው፣ ወይ ጉዴ! ጫፍና ጫፉ ልክ ነው፣ መሃል ላይ ያሉት ፊደሎች ግን ጉብታ ላይ የወጡ ይመስል ወደ ላይ ተነስተዋል። ፋርማሲስቷ ብቅ አለችና አየች። ጨዋ ልጅ ናት፤ «ጋሼ፣ አዲስ ፋሽን ነው?» ብላ ብቻ ሳቀች። ባሌ እኔ ወደቆምኩበት ተሻግሮ መጣ። በሁለት ዓይኑ፣ ከሩቅ፣ እንደኛው እኩል አየው። ፊቱ ደም የሌለው ሆነ።

«ካርዱ ነው» አለ። «ያ የተረገመ ካርድ እኮ ነው! ስክሪኑ ላይ ሰርጎድ አድርጎ ያሳየኛል፣ እኔ ደግሞ እሱን አቃናለሁ ብዬ አነሳዋለሁ።»

ታፔላውን በዚያው አወረደው። ውሃ ልክ የተባለ ሰው፣ ጠማማ ታፔላ ታቅፎ በሰፈሩ መሃል ሲሄድ አስቡት! ሰላም የሚሉትን ሰዎች እንኳ ቀና ብሎ አላያቸውም።

እኔ ከኋላው እየተከተልኩ አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ። የተለጠጠ ነገር ይሰፋል እንጂ አይጎብጥም። ፈትል ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ብትለጥጡት ይጎብጣል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? ሰውዬዬ ካርዱን ነው የሚደበድበው። እኔ ግን አህያው ማን እንደሆነ ገባኝ።

ቤት እንደገባን ሳላመነታ ነገርኩት። «ዓይን ሐኪም ጋ እንሂድ።»

ታፔላውን መሬት ላይ ጣለው። «ዓይኔን ተዪልኝ!»

«መተው አልተውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«ምን በሽታ አለብኝ? ያንቺን ፊት አያለሁ፣ መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ! ኮምፒውተሩ እየታመመ እኔን ሐኪም ቤት ትወስጂኛለሽ?» እየጮኸ ነበር፤ ግን ጩኸቱ የንዴት አልነበረም። ሰው ጨለማ ውስጥ ሲሄድ እንደሚጮኸው ነው የጮኸው። ከዚያ ቁጭ አለና ድምጹን ዝቅ አደረገ። «መጀመሪያ ካርዱ ይታወቅ። ድራይቨሩ ይጫን፣ ስክሪኑ ይስተካከል። ያኔም መስመሩ ከጎበጠብኝ በራሴ እግር እሄዳለሁ።»

«ማል።»

«በእናቴ።»

በእናቱ ምሎ አያውቅም። እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሰውዬዬ ዓይን በዚያ ካርድ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ካርዱ እስኪታወቅ እሱ ንቅንቅ አይልም።

ቀስበቀስን በስልክ ስንት ጊዜ እንደነዘነዝኩት እሱና እኔ ነን የምናውቀው። በመጨረሻ መጣ። የኮምፒውተሩን ጎን ፈታ፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረገ፣ ካርዱን ከሶኬቱ ነቅሎ በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠው። ካርዱ አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ የማቀዝቀዣ ፋን የተቀመጠበት፣ እንደ መዳፍ የሚሰፋ ነገር ነው። ጀርባው ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቋል። ፋኑ ላይ ግን ሙሉ ስም ከነቁጥሩ የያዘ ስቲከር አለ።

«ይኸው ተገኘ!» አለ ቀስበቀስ። «ስሙን ግንባሩ ላይ ይዞ ነው የሚያስለፋን።»

ስሙን በስልኩ ፈልጎ ድራይቨሩን አወረደ፣ በፍላሽ አምጥቶ ጫነ። ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ፣ አንዴ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ጥቁር ሆነ። ድርግም።

ባሌ አጠገቤ ነበር። ስክሪኑ ሲጨልም ክንዴን ያዘኝ፤ ጥፍሩ እስኪሰማኝ ድረስ ጨመቀኝ። እሱ ያየው ስክሪን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቀስበቀስ ከስር አጎንብሶ ገመድ ይነካካል፤ እኛ ሁለታችን ትንፋሽ አጥተን ቆመናል።

«አይዟችሁ፣ አልሞተም» አለ ከስር። «የተሳሳተ ድራይቨር ነው የጫንኩበት። ስቲከሩ ዋሽቶናል።» ብዙ ከታገለ በኋላ ያንን ድራይቨር አጥፍቶ ወደ ተለጠጠው መለሰልን። የድሮው ጠጋኝ የሌላ ካርድ ፋን ፈትቶ እዚህ ላይ ሳይገጥመው አልቀረም አለ። ፋኑ ከነስቲከሩ መጣ እንጂ ስሙ የዚህ ካርድ አይደለም። «እንግዲህ ሌላ ዘዴ እፈልጋለሁ፣ እትዬ። ቀስ በቀስ…»

«እንቁላልህ በእግሩ እስኪሄድ የሰው ዓይን ይጠፋል!» አልኩት። አፌ ላይ የመጣውን ነው የተናገርኩት። ባሌ ወደ ጓዳ ገባ። ቀስበቀስ እኔን አየ፣ የጓዳውን መጋረጃ አየ፣ ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተና ዝም ብሎ ወጣ።

ከዚያ የመጡት ቀናት ክፉ ነበሩ። ባሌን መሰለል ጀመርኩ። ሻይ ሲቀዳ ብርጭቆውን ያጣው ይሆን? ደረጃ ሲወርድ ይደናቀፍ ይሆን? ምንም የለም። ሁለት ዓይኑ ሲከፈት ደህና ነው። ወደ ስክሪኑ ሲዞርና ግራውን ሲጨፍን ግን አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፣ ይጠጋል፣ ይርቃል፣ በአፉ ውስጥ ይራገማል። እኔ ከጀርባው ወረንጦዬን ይዤ አንዲት ፊደል አልላጥኩም። መጨቃጨቅም አቆምን። የማይጨቃጨቅ ቤት እንዴት እንደሚያስፈራ የማያውቅ ሰው እድለኛ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ይቺን ተረት ከራሴ ላይ ለማባረር ጮክ ብዬ ሬዲዮ እከፍት ነበር።

በመጨረሻ ቀስበቀስ ሱቅ ድረስ ሄድኩ። የሰው ኮምፒውተር ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፏል። «ተነስ» አልኩት። «አሁኑኑ ተነስ። ካርዱን ካላወቅክልኝ ከዚህ በር አልንቀሳቀስም።» ለወትሮው ይቀልዳል። ያን ቀን ግን ፊቴን አይቶ እጁን በጨርቅ ጠረገና ተከተለኝ።

ኮምፒውተሩን ከፈተ። «ያልታወቀ» የሚለውን ተጫነ፣ ከስሩ ሌላ ተከፈተ፣ እዚያ ውስጥ ገብቶ ረዥም የፊደልና የቁጥር ጥርቅም አወጣ። «ይሄንን አያችሁ?» አለ። «መጀመሪያ ያለው የሠሪው ቁጥር ነው፣ ቀጥሎ ያለው የካርዱ ቁጥር። ቺፑ ውስጥ የተቀረጸ ስለሆነ ፋን ቢቀየር፣ ስቲከር ቢለጠፍ እሱ አይለወጥም። ኮምፒውተሩ ሲጠይቀው ካርዱ ራሱ ነው የሚመልሰው።»

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩ። «ካርዱን ራሱን መጠየቅ ይቻል ነበር?»

«ይቻላል።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ለምን ስቲከር ታነባለህ?»

ላቡን ጠረገ። «ግንባሩ ላይ ተጽፎ ሳይ አመንኩት፣ እትዬ። ስም ተጽፎ ሳለ ማን ይጠይቃል?»

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ጊዜም አልነበረኝም። ቁጥሩን በስልኩ ፈለገ፣ የካርዱ ትክክለኛ ስም ወጣ፤ ስቲከሩ ካለው ጋር የማይገናኝ፣ በጣም የቆየ ካርድ ነው። ድራይቨሩን ለማግኘት ብዙ ማሰነ። ያገኘውን ሲጭን አሁንም ስክሪኑ ጠፋ፤ ባሌ አሁንም ክንዴን ያዘ። «ተመለስ፣ በፈጠረህ ተመለስ» እያልኩ በሆዴ ለኮምፒውተር ጸለይኩ።

በራ። ቢጫው ምልክት የለም። ቀስበቀስ ክብ ሣለ፤ ክቡ ክብ ነው። ፊደሎቹ ከስተው ወደ ልካቸው ተመልሰዋል።

ባሌ አጎንብሶ በሁለት ዓይኑ አየ። ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር አየ። ከዚያ እንደ ልጅ ዘለለ። «ቀጥ አለ! ኧረ ቀጥ አለ! አላልኩሽም? አላልኩሽም ወይ፣ አንቺ ሴትዮ! ዓይን ሐኪም ትለኛለች እኮ!» ቀስበቀስን አንገቱን አቅፎ ግንባሩን ሳመው። እኔም ዕንባዬ መጣ። ሳቅኩ። ካርዱ ነበር ለካ! አምላኬ፣ ካርዱ ነበር! ቀስበቀስን ምሳ ሳትበላ አትሄድም አልኩት፤ ከዚያ በፊት የፋርማሲዋ ታፔላ ባስቸኳይ ይሠራ ተባለና ባሌ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

ቀስበቀስ ራሱ ፊደሎቹን ጽፎ፣ ያችን ባሌ የማይነካትን ነገር ተጭኖ አሰለፋቸው። ስራቸው እንደ ምላጭ ቀጥ አለ። «ከዚህ በኋላ የጋሼ ድርሻ ነው» ብሎ ማውሱን ሰጠው።

ባሌ ግራ ዓይኑን ጨፈነ። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አወጣ። መሃል ላይ ያለችውን ፊደል ያዘና በትንሹ ወደ ላይ አነሳት። ራቅ ብሎ አያት፣ ትንሽ ጨመረላት። ቀጥሎ አጠገቧ ያለችውን አነሳ። ከዚያ ከወዲያ በኩል ያለችውን። እያንጎራጎረ ነው። ደስ ብሎታል። እኔና ቀስበቀስ ከኋላው ቆመን፣ ቀጥ ያለውን መስመር በገዛ እጁ ሲያጎብጠው እናያለን። ጉብታው አደገ፣ አደገ፤ ያንኑ የፋርማሲዋን ጉብታ ሆነ።

«ይኸው» አለ። «አሁን ገና ቀጥ አለ።»

ቀስበቀስ ወለሉን ያያል።

ባሌ ዝምታችንን ሰማው። ዘወር ብሎ ፊታችንን አየ፣ መልሶ ስክሪኑን በሁለት ዓይኑ አየ። ጉብታውን አየው። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ የብረት ማስመሪያውን አነሳ። በብሩሽ ይሠራ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የያዘው፣ ጠርዙ የተላለጠ ወፍራም ብረት ነው። ወደ መስኮቱ ዘረጋው፣ ግራ ዓይኑን ጨፈነና በቀኙ አየው።

«ጎበጠ» አለ።

ጣቱን በብረቱ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጎ ወሰደ። «ስዳብሰው ቀጥ ያለ ነው። ሳየው ይጎብጣል። እዚህ ሳይ እዚህ ይጎብጣል፣ እዚያ ሳይ እዚያ። ባየሁበት ሁሉ ይከተለኛል።» ማስመሪያውን ግን ከዓይኑ አላነሳም። «ካርዱ አይደለም፣ አይደል?»

«አይደለም» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ጭንቅላቱን ወደ ሆዴ ስቤ ያዝኩት። ቀስበቀስ ማንም ሳያዘው ታክሲ ሊያመጣ ወጣ፤ በሕይወቱ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐኪሟ ጠብታ ጨምራ፣ በመብራት አይታ፣ ምስል አንስታ፣ ከሁለታችን ፊት ለፊት ተቀመጠች። በቀኝ ዓይኑ ጀርባ መሃል ላይ፣ በትክክል በምናነብበት ቦታ፣ ክፉ ደም ሥር አብቅሎ ውሃና ደም እያፈሰሰ ነው አለችን። «መቼ ነው የጀመረዎት?» ስትለው «ስክሪኑ ሲበላሽ» ብሎ መለሰ። ሌላ አቆጣጠር አልነበረውም። ወዲያው ቢመጡ ኖሮ የበለጠ ይተርፍ ነበር አለች፤ ያለችው በቁጣ አልነበረም፣ እንዲያውም በቁጣ ብትለው ይሻለኝ ነበር። መድኃኒቱ በመርፌ ዓይኑ ውስጥ ይሰጣል። ያለውን ለመጠበቅ ነው፣ የሄደው አይመለስም። ባሌ መርፌውን ሲወጋ እጄን ያዘኝ፤ እኔ ጨፈንኩ፣ እሱ እንኳ መጨፈን አይችልም።

«በዘር ሊሄድ ይችላል» አለችን ልንወጣ ስንል። «ግራውም ሊከተል ይችላል።» መሃሉ ላይ ነጥብ ያለበት፣ በጥቃቅን አራት ማዕዘን የተሞላ ወረቀት ሰጠችን። በየጠዋቱ ቀኙን በእጁ ሸፍኖ፣ በግራው ነጥቧን እንዲያይ ነው። «መስመሮቹ ሁሉ ቀጥ ካሉ መልካም። አንዲቷ እንኳ ከጎበጠች ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ኑ። ያኔ እደርስበታለሁ።»

ባሌ ዛሬም ታፔላ ይሠራል። አሁን የሚጨፍነው ቀኙን ነው፤ በግራው ማነጣጠርን እንደ አዲስ ተማረ፣ ምላሱም ወደ ሌላው ከንፈር ጥግ ተሻገረ። ፊደሎቹን መጀመሪያ በማሽኑ ያሰልፋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ነው በፀጉር ስፋት የሚነካካቸው። ጭቅጭቃችንም ተመልሷል። ስሙም ያው ውሃ ልክ ነው፤ ሰፈሩ ይሄን ሁሉ አያውቅም፣ ቀስበቀስም አፉ አያመልጠውም።

ወረቀቷን ከመስኮቱ አጠገብ ለጥፈናታል። በየጠዋቱ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል፣ ቀኙን በመዳፉ ይሸፍናል። እኔ ከኋላው እቆማለሁ። ወረቀቱ ለኔ ሁልጊዜ ያው ወረቀት ነው፤ በሱ ዓይን ገብቼ ማየት አልችልም። ስለዚህ ጀርባውን አያለሁ። «ቀጥ ነው» እስኪል ድረስ አልተነፍስም። «ቀጥ ነው» ሲል «እሰይ፣ ተነስ እንግዲህ፣ ሥራ ፈት!» እለዋለሁ፤ ቀኑ ይጀምራል።

ዛሬ ጠዋት ዘገየ።

ፀሐይ ወረቀቷ ላይ አርፋለች። ጀርባውን አየሁ፤ አይንቀሳቀስም። አንገቱን ትንሽ ወደ ቀኝ አዘነበለ፣ መለሰው።

«ተናገር እንጂ» አልኩት። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

«ቆይ» አለ። ጣቱን ዘርግቶ ከነጥቧ በላይ ያለችውን አንዲት መስመር ከዳር እስከ ዳር ተከተላት። መዳፉን ከዓይኑ አወረደና ወደኔ ዞረ። አልጮኸም፣ ስክሪንም ካርድም አልጠራም።

«ጫማሽን አድርጊ» አለኝ። «እንሂድ።»

ጫማዬንማ አድርጌ ነው የቆምኩት። ያቺ ወረቀት ከተለጠፈችበት ቀን ጀምሮ፣ በየጠዋቱ እሱ ፊቷ ከመቀመጡ በፊት ጫማዬን አድርጌ ነው የምጠብቀው።